ለቆራሌው ልንሸጠው የነበረው ላፕቶፕ

ትንሽ ረዘም ይላል። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ነሐሴ ነው። እማዬ ቤት ዕቃ ስናስተካክል ከቁምሳጥኑ አናት ላይ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ወረደ። ወፍራም፣ ከባድ፣ ቻርጀሩ የጠፋ። ውጭ ደግሞ ቆራሌው እየተጣራ ነበር። "ስጠው በቃ፣ ቦታ ነው የያዘው" አለችኝ እማዬ። ወጥቼ ዋጋ ጀመርን። መቶ ብር ላይ ልንስማማ ምንም አልቀረንም ነበር። እንደ አጋጣሚ እህቴ ስልክ ላይ ነበረች። "ምኑን ነው የምትሸጡት?" አለች። ነገርኳት። ጮኸች።

"የአባዬ መጽሐፍ እኮ እሱ ላይ ነው ያለው!"

ነገሩ እንዲህ ነው። አባዬ በ1967 ዓ.ም. የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበር። በዚያ ዓመት ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በሕብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ሲላኩ እሱም ጎጃም ዘመተ። ያየውን ሁሉ ከብዙ ዓመት በኋላ በደብተር ጻፈው። በ1997 ዓ.ም. ማታ ማታ እሱ ከደብተሩ እያነበበ፣ እህቴ በዚህ ላፕቶፕ ትተይብለት ነበር። በኋላ ጣሪያው አፍስሶ ደብተሮቹ ረጠቡ። ማንም አልደነገጠም። "ኮምፒውተር ላይ አለ አይደል" ተባባልንና ጣልናቸው። አባዬ በ2008 ዓ.ም. አረፈ። ላፕቶፑን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የከፈተው የለም።

"ኮምፒውተር ላይ አለ አይደል።" ዛሬ የምጽፈው ስለዚህች አባባል ነው። አንድ ነገር ኮምፒውተር ላይ "አለ" ለመባል ስንት ነገር አብሮ መኖር እንዳለበት ያወቅኩት ዘንድሮ ነው። ሦስት በር መክፈት ነበረብኝ። ሦስተኛው ደግሞ የእኛው የራሳችን በር ነበር።

*የመጀመሪያው በር፦ ሶኬቱ*

ላፕቶፑን ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ሁለት ደቂቃ አየውና "ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል ወንድሜ፣ ጣለው" አለኝ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚያቆመው። ግን ላፕቶፑ ሞተ ማለት ፋይሉ ሞተ ማለት አይደለም። ማዘርቦርዱ ቤቱ ነው፣ ፋይሉ ያለው ሀርድ ዲስኩ ውስጥ ነው። ሀርድ ዲስኩን ለማውጣት የፈጀብኝ አንድ ካቻቢቴና ሁለት ብሎን መፍታት ብቻ ነው።

መዳፍ ላይ የምትቀመጥ፣ 40 ጊጋባይት የምትይዝ ዲስክ ናት። አሁን ሲያስቡት ትንሽ ነው አይደል? የመጀመሪያው የንግድ ሀርድ ዲስክ እ.ኤ.አ. በ1956 አይቢኤም ካወጣው ራማክ ከሚባል ኮምፒውተር ጋር የመጣው ነው። እያንዳንዳቸው ወደ 60 ሳንቲ ሜትር የሚሰፉ 50 ክብ ሰሌዳዎች ነበሩት። ቁምሳጥን የሚያክለው ያ ሁሉ ብረት የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር። አሠራሩ ግን እስከ አባዬ ላፕቶፕ ድረስ በመሠረቱ አልተቀየረም። እንደ ሸክላ ሙዚቃ የሚሽከረከር ሰሌዳ አለ፣ በላዩ የሚሄድ ክንድ አለ። ልዩነቱ ሸክላ ላይ መርፌው ይነካል፣ እዚህ ግን የክንዱ ጫፍ ሳይነካ በአየር ላይ ይንሳፈፋል። የነካ ዕለት ነው ጉዱ።

የድሮ ላፕቶፕ ዲስክ 44 ቀጫጭን የብረት ጥርሶች አሉት። አይዲኢ ይባላል። ከዚያ በኋላ የመጡት ሳታ የሚባል ሌላ ሶኬት ስለሚጠቀሙ አዲስ ኮምፒውተር ላይ አይገባም። አይዲኢን ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ገመድ ፍለጋ መርካቶን ሁለት ቀን ዞርኩ። ተገኘ።

*ሁለተኛው በር፦ ማውጫው*

ሰካሁት። ዲስኩ ዞረ፣ ልቤም አብሮ ዞረ። ወዲያው ዊንዶውስ አንድ ጥያቄ አመጣ፦ "ይህን ዲስክ ለመጠቀም ፎርማት መደረግ አለበት። ፎርማት ላድርገው?"

ወገኖቼ፣ እዚህ ጥያቄ ላይ ጣታችሁን ሰብስቡ። ይህ ጥያቄ "ባዶ ነው" ማለት አይደለም። "ማውጫውን ማንበብ አቃተኝ" ማለት ነው። ዲስክ እንደ ትልቅ መዝገብ ቤት ነው። መዝገቦቹ መደርደሪያ ላይ ናቸው፣ የትኛው የት እንዳለ የሚናገረው ደግሞ በር ላይ ያለው ማውጫ ነው። ማውጫው ሲበላሽ መዝገቦቹ አልጠፉም፣ የት እንዳሉ የሚያውቅ ነው የጠፋው። ፋይል "ዲሊት" ስናደርግም በአብዛኛው እንዲሁ ነው። የሚሰረዘው ከማውጫው ነው፣ ራሱ ጽሑፉ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ቦታው ላይ ይቆያል። ስለዚህ እንዲህ ባለ ዲስክ ላይ ምንም አዲስ ነገር አይጻፍም። ምንም!

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው መንገዱን ያሳየኝ። መጀመሪያ ዲስኩን እንዳለ መገልበጥ፣ ከዚያ በቅጂው ላይ ብቻ መሥራት። ለመገልበጡ ዲዲሬስኪው የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ብልጠቱ ደስ ይላል። ጤነኛውን ክፍል ቀድሞ ያነባል፣ የታመመውን ዘሎ ያልፋል፣ መጨረሻ ላይ ተመልሶ በሽተኛውን ደጋግሞ ይሞክራል። መብራት ቢጠፋ እንኳ የት እንደደረሰ መዝግቦ ስለሚይዝ ካቆመበት ይቀጥላል። መብራት ሁለቴ ጠፋብኝ፣ ሁለቴም ቀጠለ።

ከቅጂው ላይ ፋይሎቹን የለቀመልኝ ደግሞ ፎቶሬክ ነው። ክሪስቶፍ ግሬኒዬ የሠሩት ነጻ ፕሮግራም ነው። ስሙ ፎቶ ይበል እንጂ ሌላም ያወጣል። ማውጫውን ጭራሽ አይጠይቅም። ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር እያሰሰ የፋይል መነሻ ምልክት ይፈልጋል። የድሮ ዎርድ ፋይል ሁሉ በተመሳሳይ ስምንት ባይት ነው የሚጀምረው። ያንን ሲያይ "እዚህ ጋ አንድ አለ" ይልና ይቆፍራል። ጉዳቱ፣ የፋይሉ ስም የተጻፈው ማውጫው ላይ ስለነበር ስሙ አብሮ አይመጣም። ከ600 በላይ ዶክመንት በቁጥር ብቻ ተሰይሞ ወጣልኝ።

ስም ከሌለው በይዘቱ ፈልገው፣ አልኩ ለራሴ። "ጎጃም" ብዬ ፈለግኩ። ምንም። "ዘመቻ" አልኩ። ምንም። "እና" ብዬ ፈለግኩ፣ "እና" የሌለበት የአማርኛ ጽሑፍ የት አለ? ምንም! ከ600 ፋይል ውስጥ አንድ የአማርኛ ፊደል የለም።

*ሦስተኛው በር፦ ፊደሉ*

አንዱን ከፈትኩት። የላቲን ፊደል፣ የፐርሰንት ምልክት፣ የቃለ አጋኖ፣ የዶላር፣ አናቱ ላይ ነጥብ ያለበት የአውሮፓ ፊደል... ዝብርቅርቅ። ይኼን ነገር ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። ከድሮ ነጋሪት ጋዜጣ ፒዲኤፍ ላይ አንድ አንቀጽ ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ለጥፉ፣ የሚመጣው እሱ ነው። ፋይሉ ተበላሽቶ አይደለም። ያኔ ስንጽፍም እንዲሁ ነበር የጻፍነው።

ችግሩ ከኮምፒውተርም ይቀድማል። የጽሕፈት መኪና የተሠራው ለላቲን 26 ፊደላት ነው። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፣ ዲቃላዎቹና አኃዞቹ ሳይቆጠሩ። ኢንጂነር አያና ብሩን የመሰሉ ሰዎች ፊደላችንን በመኪና ለማስጻፍ የደከሙት ከዚህ ጋር ሲታገሉ ነው። የጽሕፈት መኪናው መፍትሔ ፊደሉን መከፋፈል ሆነ። ዋናው ለብቻው፣ ቅጥያው ለብቻው ይመታል። በመኪና የተጻፈ የድሮ ደብዳቤ ያየ ሰው ቅጥያው ከፊደሉ ትንሽ ራቅ ብሎ እንደሚቆም ያስታውሳል።

ኮምፒውተር ሲመጣ ጣጣው ተከትሎ መጣ። በዚያ ዘመን አንድ ፊደል በአንድ ባይት ነበር የሚጻፈው፣ አንድ ባይት ደግሞ 256 ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ከዚያም ላይ የተወሰነው ለኮምፒውተሩ ለራሱ ሥራ የተያዘ ነው። የአማርኛ ሶፍትዌር የሠሩ ሰዎች ምን አደረጉ? በላቲን ፊደል ቤት ገብተው የአማርኛ ቅርጽ ሳሉበት። ኮምፒውተሩ "ይህ የላቲን ፊደል ነው" ብሎ ያስቀምጣል፣ ፎንቱ ግን በእሱ ቦታ የእኛን ፊደል ያሳያል። ጭምብል በሉት። ቦታው አልበቃ ሲላቸው አንዳንዶቹ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈሉት።

እነሱን ለመውቀስ አይደለም። በነበረው ነገር ነው የሠሩት፣ እነሱ ባይኖሩ የዚያ ዘመን ጋዜጣና መጽሐፍ በኮምፒውተር አይታተምም ነበር። ችግሩ አንድ ላይ አለመስማማታቸው ነው። ፓወር ግዕዝ በራሱ፣ ቪዥዋል ግዕዝ በራሱ፣ አጋፋሪ በራሱ አደራደር ሄደ። በአንዱ "ለ" የሆነ ቁጥር በሌላው ሌላ ፊደል ነው። ፎንቱ የሌለው ሰው ጋ ፋይሉ ከሄደ ጭምብሉ ይወልቅና ላቲኑ ብቻ ይቀራል።

መፍትሔው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ለዓለም ፊደል ሁሉ የየራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ በ3.0 እትሙ የግዕዝን ፊደል ተቀበለ። ዳንኤል ያዕቆብን የመሳሰሉ ባለሙያዎች ለዓመታት የደከሙበት ነው። 345 ምልክቶች ገቡ። ሀ 4608 ሆነች፣ ሁ 4609፣ እያለ ይቀጥላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሀ ቶኪዮም አዲስ አበባም ሀ ናት፣ ጭምብል አያስፈልጋትም።

ታዲያ እህቴ በ1997 ዓ.ም. ለምን በዩኒኮድ አልተየበችም? ደንብ ወጣ ማለት ቤታችን ገባ ማለት አይደለማ! ቤታችን የነበረው ዊንዶውስ ኤክስፒ የአማርኛ ፎንት ይዞ አልመጣም። ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2007 መጀመሪያ ነው፣ የእኛ ሚሊኒየም ሊገባ ወራት ሲቀሩት። እስከዚያና ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት መሥሪያ ቤቱም፣ ማተሚያ ቤቱም፣ እኛም በጭምብሉ ቀጠልን።

አስቡት። የአባ ገሪማ ወንጌል በትንሹ ከ1300 ዓመት በላይ የሆነው ብራና ነው። ግዕዝ የሚያነብ ሰው ዛሬ ቢገልጠው ፊደሉን ያነበዋል። የሃያ ዓመቱን የአባዬን ጽሑፍ ግን ፊደል የቆጠርን ልጆቹ ማንበብ አቃተን።

*ምን ተገኘ?*

አንድ ማተሚያ ቤት ይሠራ የነበረ ጎረቤታችን የድሮውን ፓወር ግዕዝ ፎንት በፍላሽ ይዞልኝ መጣ። ጫንኩት። ፋይሎቹን አንድ በአንድ ከፈትኩ። አብዛኛው የእህቴ የዩኒቨርሲቲ አሳይመንት ነው። አራተኛው ቀን ማታ ላይ አንዱ ፋይል ተከፈተና "ከደጀን ወዲያ መኪና አልነበረም" ይላል። አባዬ ነው። ድምፁን የሰማሁ ነው የመሰለኝ።

ከ11 ምዕራፍ 9ኙ ሙሉ ተገኙ። አንዱ ከግማሹ ላይ ይቆረጣል፣ ዲስኩ የታመመው እዚያ ጋ ነበር። አንዱ የለም። እህቴ የጠፋው ስለ አንድ የታሰረ ጓደኛው የጻፈው እንደነበር ታስታውሳለች፣ ስሙን ግን ሁለታችንም አናውቀውም። እዚያ ምዕራፍ ውስጥ ነበራ። ያ ሰው ለእኛ ከደብተሮቹ ጋር ተጥሏል።

የመጨረሻው ፋይል ዝርዝር ነው። አባዬ በዘመቻው ፊደል ያስቆጠራቸው ገበሬዎች ስም፣ 43 ሰው፣ ከነአባታቸው። ከአንዳንዱ ስም ጎን "ስሙን ጻፈ" ይላል። ከአንዱ ጎን "ደብዳቤ ጻፈልኝ" ይላል። ወደ ዩኒኮድ ቀየርኩት፣ አትሜ ለእማዬ ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ 43ቱንም ስም ጮክ ብላ አነበበች። ሲያበቃ "መቶ ብር!" አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

*ለእናንተ*

ቤታችሁ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ሲዲ ወይም ፍላሽ ካለ፦

1. ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ሀርድ ዲስኩን አውጡ።

2. "ፎርማት ላድርግ?" ሲላችሁ እምቢ በሉ። መጀመሪያ ገልብጡ፣ ከዚያ በቅጂው ሥሩ።

3. ዲስኩ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ካሰማ ወዲያው ንቀሉት። ያ የቤት ውስጥ ሥራ አይደለም፣ ለባለሙያ ነው። ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት የሚላችሁን አትስሙ፣ እርጥበት ይጨርሰዋል።

4. የድሮ አማርኛ ፋይል በላቲን ዝብርቅርቅ ቢመጣ "ተበላሽቷል" ብላችሁ አትሰርዙ። ፎንቱን ፈልጉ። ወደ ዩኒኮድ ስትቀይሩ ከራሱ ከዎርድ ፋይሉ ቀይሩ። ዝም ብላችሁ ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ቦታ ከለጠፋችሁት የትኛው ቃል በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ የሚናገረው መረጃ ይጠፋል።

5. ከተቀየረ በኋላ በዓይናችሁ አንብቡት፣ መቀየሪያው ይሳሳታል። በሁለትና ሦስት ቦታ አስቀምጡ። አንድ ቅጂ ደግሞ በወረቀት አትሙ።

የድሮ ፎንት ያላችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ እንዳትጥሉት። በ1967 ዓ.ም. ጎጃም የዘመታችሁ፣ ወይም አባት እናታችሁ የዘመቱ ደግሞ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። የታሰረውን ጓደኛውን ስም እየፈለግኩ ነው።