ከዘመቻ መልስ፤ ስለ ወታደር ድንጋጤና ስለ ሕክምናው

በሚያዝያ ወር 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ኮርያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ስሙን ያገኘው ከራስ መኰንን የፈረስ ስም ነው። ሲሄድ ንጉሠ ነገሥቱ ሰንደቅ ዓላማ ሰጥተው ሸኙት። እየተተካኩ የዘመቱት ሻለቆች ከ120 በላይ ሞተውባቸው፥ ከ500 በላይ ቆስለውባቸው፥ አንድ ምርኮኛ እንኳ በጠላት እጅ ሳይተዉ ተመለሱ። የተመለሱትም በክብር ተቀባይነት አገኙ፤ በአዲስ አበባ የሰፈሩበት ስፍራ እስከ ዛሬ ኮርያ ሰፈር ይባላል። ነገር ግን ከ1966 ዓ.ም. በኋላ የደርግ መንግሥት ከሰሜን ኮርያ ጋር በተወዳጀ ጊዜ ያ የተመሰገነ ዘመቻ በአደባባይ የማይወራ ሆነ። ያው አንድ ሰው በጐልማስነቱ ጀግና ተብሎ ተሸልሞ፥ በሽምግልናው ጀግንነቱን ሸሽጎ መኖር ግድ ሆነበት።

ይህ ነገር ለታሪክ ጸሐፊ ብቻ የሚተው አይደለም፤ ለሐኪምም ያስፈልገዋል። በጦር ሜዳ ያየው ነገር በሕልሙ እየተመለሰ የሚያባንነው፥ በር ሲዘጋ መድፍ የተተኰሰ መስሎት የሚበረግገው፥ በልጆቹ መካከል ተቀምጦ ባዕድ የሚሆነው ወታደር ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ሄሮዶቱስ በማራቶን ጦርነት ጊዜ ሰይፍም ፍላጻም ሳይነካው ዓይኑ ስለ ጠፋ አንድ አቴናዊ ጽፏል። የእንግሊዙ ሐኪም ማየርስ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1915 የመድፍ ድንጋጤ ብሎ ጻፈበት፤ የአሜሪካ ሐኪሞች ደግሞ በ1980 ከአሰቃቂ ነገር በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ጭንቀት ብለው በደዌ መዝገባቸው አገቡት።

መድኃኒቱም ከዚያ ወዲህ ተበጅቷል። ታማሚው በሐኪም እየተመራ ያን የሚሸሸውን ነገር ደጋግሞ እንዲናገረው ይደረጋል፤ ወይም በራሱ ላይ የፈረደው ፍርድ እውነት መሆን አለመሆኑ ይመረመራል። ብዙዎች ይቀላቸዋል። ይሁን እንጂ በ2015 በፈረንጅ አቆጣጠር አሜሪካውያን ሊቃውንት በወታደሮች ላይ የተደረገውን ምርመራ ሰብስበው ባዩት ጊዜ፥ ሕክምናውን ካገኙት ከሦስት ሁለቱ ያህል ደዌው ፈጽሞ አልለቀቃቸውም ነበር። ታዲያ በአንድ መድኃኒት አንዱ ሲድን ሌላው የማይድነው ስለ ምን ነው?

መጠጥ አንድ ምክንያት ነው፤ በአረቄ እንቅልፍ የሚፈልግ ሰው ሕክምናው በቀላሉ አይሠራለትም። በፈንጂ ጭንቅላቱ የተናወጠም እንዲሁ፤ ኀዘን የተጫነውም እንዲሁ። እነዚህን ሐኪሞች በሚገባ ያውቋቸዋል። ብዙ የማይነገርላቸው ግን ሌሎቹ ናቸው።

ጥንት በአገራችን ዘማች ሲመለስ በጌታው ፊት ቆሞ ይፎክር ነበር፤ የዋለበትን ሜዳ እየጠራ፥ የገደለውን እየቈጠረ። ይህ ልማድ ዛሬ ሐኪሞች ከሚያዙት ጋር ይመሳሰላል፤ ነገሩ በልብ ሳይቀበር በሰው ፊት ይነገራልና። ነገር ግን ፎካሪ የገደለውን እንጂ የፈራውን አይናገርም። የሸሸበትን ቀን፥ ጥሎት የመጣውን ጓደኛውን፥ ሊገድለው ሳይፈልግ የገደለውን የሚናገርበት ስፍራ አልነበረውም፤ ምናልባት ከንስሐ አባቱ ፊት ካልሆነ በቀር። በሽታው የሚያድረው ደግሞ እዚያው ላይ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1994 ስለ ቬትናም ዘማቾች የጻፈው ሐኪም ዮናታን ሼይ፥ ከፍርሃት ይልቅ በአለቃ መከዳትና የቀናውን ነገር ማፍረስ የወታደሩን ልብ እንደሚሰብር አሳይቷል። ይህን የቀደሙ ሰዎች ያላወቁት አይደለም። በኦሪት ዘኍልቍ የገደለ ሰው ከሰፈር ውጭ ሰባት ቀን ተቀምጦ ሳይነጻ አይገባም። ባስልዮስ ዘቂሣርያም በአራተኛው መቶ ዓመት፥ በጦርነት የገደሉ ሰዎች ነፍሰ ገዳይ ባይባሉም ሦስት ዓመት ከቍርባን ቢርቁ መልካም ነው ብሎ ነበር። ቅጣት መስሎ ይታያል፤ ግን ፍጻሜ ያለው ነው፤ ሰውየው የሚገባበት ቀን ተቈርጦለታል።

ስለ ጊዜና ስለ ስፍራም ያስተምረናል የተባለ ታሪክ አለ። በ1982 በፈረንጅ አቆጣጠር በሊባኖስ ጦርነት የደነገጡ የእስራኤል ወታደሮች ከፊሎቹ ፈጥነው፥ ከጦሩ ሳይርቁ፥ ትመለሳለህ እየተባሉ ታከሙ። ከሃያ ዓመት በኋላ ሲመረመሩ፥ በዚህ መንገድ ከታከሙት ይልቅ እንዲህ ያልታከሙት ሕመሙ ጸንቶባቸው ተገኘ። እንደ እብድ ሳይሆን እንደ ደከመ ወታደር መቈጠር ራሱ መድኃኒት ነበረ ማለት ነው።

በ1983 ዓ.ም. ግንቦት የተበተነው ሠራዊታችን ይህን አላገኘም። ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በተሸናፊነት ስም ወደ ቤቱ ተሰደደ። ኮሚሽን ተቋቁሞ በገጠር ለገባው መሬትና ዘር፥ እህልም ተሰጠው፤ ከተማ የቀረው ግን ሥራ አጥቶ ተንከራተተ። ስለ ልቡ የጠየቀው አልነበረም ቢባል ብዙ አያሳስትም፤ በዚያ ዘመን ለአእምሮ ሕመም ብቻ የቆመ ሆስፒታል በአገሪቱ ሁሉ በጣልያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው አማኑኤል ብቻ ነበርና። ወደዚያ ከሚመጡትም ብዙዎች አስቀድመው ጸበል ደጅ የጸኑ ናቸው፤ ጸበሉን የሚያስመታ ካህንና ክኒኑን የሚሰጥ ሐኪም ካልተነጋገሩ ታማሚው አንዱን ሲይዝ ሌላውን ይተዋል።

ሕክምናን ከመጀመር መፈጸም ይበልጣል፤ ከሁሉ የሚበዛው ኪሳራ በመካከል መቅረት ነው። ለሚ ኩራ በ2013 ዓ.ም. ክፍለ ከተማ ሲሆን፥ በየካ አባዶና በቦሌ አራብሳ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ብዙ ሰው ከቀድሞ ሰፈሩ ተነሥቶ ገብቶ ነበር። ከዚያ ተነሥቶ መርካቶ አጠገብ ወዳለው አማኑኤል በየሳምንቱ መመላለስ ከተማይቱን ከዳር እስከ ዳር መሻገር ነው፤ የቀን ሠራተኛ ለሆነ የቀድሞ ወታደር የአንድ ቀን እንጀራ ያስቀራል። በምሥራቁ በኩል የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለአእምሮ ሕክምና ታስቦ ቢሠራም በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ አስቀድሞ ለዚያ ዋለ። ሰፈር የለቀቀ ሰው ደግሞ ዕድሩንም ለቅቋል፤ ዘማቹ ሳይታይ ሲሰነብት ምን ሆንህ ብሎ በሩን የሚያንኳኳው ጎረቤት በአዲሱ ፎቅ ላይ ገና ስሙን አያውቀውም።

በሰሜኑ ጦርነት ማብቂያ በ2015 ዓ.ም. ስምምነት ከተፈረመ በኋላ፥ የብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ከ370 ሺህ በላይ የሚሆኑ ታጣቂዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ አቅዶ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ሥራውን በመቀሌ ጀመረ። መሣሪያው ይመዘገባል፤ ገንዘቡ ይቈጠራል። በሌሊት የሚያባንነው ነገር የሚጻፍበት ዓምድ በመዝገቡ ቢኖር፥ ያም ሰው ከሦስት ወር በኋላ በሕይወት መኖሩን የሚጠይቅ በየቀበሌው ቢሾም፥ ከ1983ቱ የተለየ መልስ ይሆን ነበር።