«ሆስፒታል የገባች አትወጣም»፦ የአታት እናቶችና የወሬ ሚዛን
(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበ ንግግር)

 

ለዐረፋ ወደ ጉራጌ አገር የሚወርድ ሰው ከሚሰማቸው ወሬዎች አንዱ የወላድ ወሬ ነው። እገሊት ወንድ ልጅ ተገላገለች፣ እገሊት በምጥ ሞተች ይባላል። የሞተችው ሆስፒታል ደርሳ ከሆነ ደግሞ «ሆስፒታል የገባች አትወጣም» የሚል አይጠፋም። ዛሬ ይህችን አነጋገር ይዘን፣ ሰው አንድን ነገር እውነት ነው ብሎ እንዴት እንደሚቀበል እንመልከት። በዓይናችን ያየነው ነገር ሳንሳሳት ፍርድ ለመስጠት ይበቃናልን? ለዚህ ጥያቄ ከአታት የተሻለ ምሳሌ ሩቅ ሄደን መፈለግ አያስፈልገንም።

አታት በቸሃ ምድር ከወልቂጤ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ ስፍራ ነው። ሆስፒታሉን በ1969 እ.ኤ.አ. የጀመሩት የሕክምና ሚሲዮን እህቶች የሚባሉ የካቶሊክ መነኮሳት ሲሆኑ፣ የአካባቢው ሙስሊምም ክርስቲያንም ይታከምበታል። በ1976 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሆስፒታሉ ግቢ የእናቶች ማቆያ ተከፈተ። ማቆያ ሲባል የሕክምና ክፍል የሚመስለን እንኖራለን፤ አይደለም። ምጧ ያስቸግራል ተብሎ የሚፈራላት ነፍሰ ጡር፣ ለምሳሌ ቀደም ሲል በቀዶ ሕክምና የወለደች ወይም መንታ ያረገዘች እናት፣ መውለጃዋ ሲቃረብ መጥታ የምትሰነብትበት ቤት ነው። ስንቋን ይዛ ትመጣለች። ራሷ ወይም አብራት የመጣች ዘመድ ምግብ እያበሰለች ቀኗን ትጠብቃለች። ምጥ ሲጀምራት ወደ ማዋለጃው ክፍል የጥቂት እርምጃ መንገድ ብቻ ነው።

ወደ ማቆያው ያልመጣችዋን እናት ደግሞ እናስብ። ምጡ ከቤቷ ይጀምራታል። የልምድ አዋላጅ ትጠራለች። አንድ ሌሊት ያልፋል፣ ሁለተኛው ይመጣል። ጎረቤት ተሰብስቦ ዱዓ ያደርጋል። ነገሩ ሲከፋ ወንዶቹ በቃሬዛ ተሸክመዋት ይነሳሉ። ሆስፒታል ስትደርስ ልጁ በሆዷ ሞቷል፣ ማኅፀኗ ተቀዷል፣ ወይም ብዙ ደም ፈሷታል፤ እዚያው ታርፋለች። ተሸካሚዎቹ በሕይወት ወስደው ጀናዛ ይዘው ተመለሱ። በዓይናቸው ያዩት ይህንን ነውና ሲናገሩት አልዋሹም።

ስህተቱ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ቤቷ የሞተችው «አጀሏ ደርሶ ነው» ትባላለች። ሆስፒታል የሞተችውም አጀሏ ደርሶ ሳለ ሞቷ በሆስፒታሉ ስም ይቆጠራል። በማቆያው ሰንብታ ልጇን ታቅፋ የተመለሰችው ደግሞ ከነጭራሹ አትቆጠርም፤ ገንፎው ተበልቶ ነገሩ ይረሳል። እንዲህ ሆኖ የተያዘ ሂሳብ ሁልጊዜ በአንድ ወገን ላይ ይፈርዳል፤ ማንም ሰው አንድም ሐሰት ሳይናገር!

«ሁሉም በአላህ ቀደር አይደለምን? ምክንያቱን መመርመር ምን ይጠቅማል?» የሚለን ሊኖር ይችላል። በቀደር ማመን ከኢማን መሠረቶች አንዱ መሆኑ አያከራክርም። ይሁንና ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ በተባለ ስፍራ የወረርሽኙን ወሬ በሰሙ ጊዜ ምን አደረጉ? ሙሃጂሮችን ጠሩ፣ አንሷሮችን ጠሩ፣ የቁረይሽ ሽማግሌዎችንም ጠርተው አማከሩ፤ ከዚያም ተመለሱ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ይህ ከአላህ ቀደር መሸሽ እንዳይሆን ሲጠይቋቸው፣ ከአንዱ የአላህ ቀደር ወደ ሌላው የአላህ ቀደር እንደሚሄዱ ነገሯቸው። በቀደር ማመናቸው ወሬውን ከማጣራትና ከመመካከር አላገዳቸውም።

እስቲ ወደ አታት ቁጥር እንመለስ። ከ1987 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ባሉት 22 ዓመታት በሆስፒታሉ የተመዘገበ 24,148 ወሊድ ተመርምሮ ውጤቱ በ2010 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከነዚህ መካከል 6,805ቱ በማቆያው የሰነበቱ እናቶች ሲሆኑ 17,343ቱ በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ የመጡ ናቸው። ለ100,000 በሕይወት ለተወለዱ ሕፃናት ሲሰላ በማቆያው ከሰነበቱት የሞቱት እናቶች 90 ያህል፣ በቀጥታ ከመጡት ግን 1,333 ናቸው። ሞተው የተወለዱት ሕፃናትም ከ1,000 ወሊድ በመጀመሪያዎቹ ዘንድ ወደ 18፣ በሁለተኛዎቹ ዘንድ 191 ነበሩ።

ይህን ቁጥር አንዱ ሰው ይዞ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «በ2000 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የአገሪቱን የእናቶች ሞት ለ100,000 ልደት 871 አድርጎታል። ያን ጊዜ ደግሞ ከ100 ልጆች 95ቱ የሚወለዱት ቤት ነበር። በቀጥታ አታት የሄዱት 1,333፣ በቤቱ የሚወልደው አገር 871፤ እንግዲህ ቤት ይሻላል!» መደመርና ማካፈሉ ላይ ስህተት የለበትም። ነገር ግን ቤቷ በሰላም የተገላገለችው እናት ወደ አታት ምን ልትሠራ ትሄዳለች? በቃሬዛ የምትወሰደው ምጥ የጠናባት ናት። በሆስፒታሉ በር የሚገባው ሕዝብና በመንደሩ ያለው ሕዝብ አንድ አይደለም።

ሌላው ሰው ደግሞ ሆስፒታሉን ለማመስገን ቸኩሎ «ማቆያው ሞትን በ15 እጥፍ ቀነሰ» ሊል ይችላል። ይህኛውም ወገን ደስ ስለሚያሰኘን ብቻ አንለፈው። በማቆያው የነበሩት ገና ምጥ ሳይጀምራቸው የደረሱ ናቸው፤ በቀጥታ ከመጡት መካከል ግን ነገሩ ካበቃ በኋላ የደረሱ ብዙ ናቸው። ሁለቱን ልክ እንደ እኩል አስቀምጦ «ይህን ያህል እጥፍ» ማለት አይቻልም። ቢሆንም ማቆያው የሚቀበለው የሚፈራላቸውን እናቶች ነው፤ ከ100 ወደ 38 የሚሆኑት በቀዶ ሕክምና ወልደዋል፣ በቀጥታ ከመጡት ደግሞ 20 ያህሉ። እጅግ የተፈራላቸው እናቶች ይህን ያህል መትረፋቸው የማቆያውን ጥቅም በግልጽ ያሳያል። የጥቅሙን ልክ እስከ እጥፉ ድረስ መናገር ነው የማንችለው።

በሌላ በኩል የወላዶች ወሬ ሁሉ መሠረት የለውም እያልን አይደለም። በቪየና ከተማ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ሁለት ማዋለጃ ክፍሎች ነበሩት። በመጀመሪያው ሐኪሞችና ተማሪዎቻቸው፣ በሁለተኛው አዋላጆች ይሠሩ ነበር። እናቶች «የመጀመሪያው ክፍል ይገድላል» እያሉ ወደዚያ እንዳይላኩ ይለምኑ ነበር። በ1846 እ.ኤ.አ. በመጀመሪያው ከ4,010 ወላዶች 459፣ በሁለተኛው ከ3,754 ወላዶች 105 ሞቱ። እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ ክፍሎቹ ወላዶችን የሚቀበሉት ቀን በቀን በተራ ስለነበረ የጠናባት ወደ አንዱ፣ ያልጠናባት ወደ ሌላው አልተመረጠችም። ልዩነቱ ከእናቶቹ ሊመጣ ስለማይችል ከክፍሉ መጣ ማለት ነው። ዜመልቫይስ የተባለው ሐኪም በ1847 እ.ኤ.አ. ሐኪሞቹ አስከሬን ከመረመሩ በኋላ እጃቸውን በክሎሪን እንዲታጠቡ አዘዘ፤ ሞቱም በእጅጉ ቀነሰ። እናቶቹ ልክ ነበሩ።

እኩዮችን ከእኩዮች የማስተያየት ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። አቡ በክር አር-ራዚ፣ በ865 እ.ኤ.አ. ገደማ ሬይ ከተማ የተወለደው ታላቅ ሐኪም፣ የአንጎል ብግነት ምልክት የታየባቸውን ሕሙማን ከፍሎ አንዱን ወገን ደም በማውጣት ሲያክም ሌላውን ሆን ብሎ ሳያወጣ እንደተወ «አል-ሓዊ» በተሰኘው ሥራው ተመዝግቧል። ዛሬ ሕክምና ደም ማውጣት ለዚህ በሽታ ይረዳል አይልም። ራዚ የደረሰበት ድምዳሜ ቀረ፤ የጠየቀበት መንገድ ግን እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ሆስፒታል ቁጭ ብሎ የመጣውን መቁጠር የሚተወውን ክፍተት ለመሙላት እዚያው ጉራጌ አገር የተሠራ ሥራ አለ። በቡታጅራ ዙሪያ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ 9 የገጠርና 1 የከተማ ቀበሌ መርጦ ነዋሪውን ቤት ለቤት ቆጠረ። ከቆጠራው በኋላም መዝጋቢዎች በየቤቱ እየተመላለሱ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን መጣ፣ ማን ሄደ እያሉ ለብዙ ዓመታት ጠየቁ። እዚያ መዝገብ ላይ ቤቷ በሰላም የወለደችውም፣ ቤቷ የሞተችውም፣ ሐኪም ቤት ሄዳ የተመለሰችውም እኩል ተጻፉ።