ምስጋና በስፓኒሽ፦ ከካራማራ እስከ ወጣቶች ደሴት

በካምፓላ የምንኖር ሁሉ «ዌባሌ» የሚለውን የሉጋንዳ ቃል እናውቃለን። የቡጋንዳ ሰው የተለየ ውለታ ያልዋለለትን ሰው እንኳ በሥራ ላይ ካየው አመስግኖት ያልፋል። የእኛው «እግዜር ይስጥልኝ» ደግሞ ብድሩን ወደ ፈጣሪ ያስተላልፋል፤ እኔ የማልከፍለውን እርሱ ይክፈልልኝ ማለት ነው። ኢትዮጵያውያን ልጆች ይህንኑ ስሜት በስፓኒሽ መግለጽ የተማሩበት ታሪክም አለ።

እንደሚታወቀው በሐምሌ ወር 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ወረረ። በወራት ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ የኩባ ወታደሮች ከኢትዮጵያ ሠራዊት ጎን ተሰለፉ፤ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. የሚታሰበው የካራማራ ድልም ተገኘ። በዚያ ጦርነት የወደቁት ኩባውያን ምስል ዛሬም በአዲስ አበባ፣ በቸርችል ጎዳና በሚገኘው የትግላችን ሐውልት ሥፍራ ይታያል።

ከድሉ በኋላ ኩባ በጦርነቱ ወላጆቻቸውን ያጡትን ጨምሮ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆችን ተቀብላ አስተማረች። ብዙዎቹ የገቡት ቀድሞ የጥድ ደሴት፣ ከ1970 ዓ.ም. ወዲህ ግን የወጣቶች ደሴት ተብላ በምትጠራው ምድር ነበር። ከአንጎላና ከሞዛምቢክ ልጆች ጋር ጎረቤት ሆነው ግማሹን ቀን በክፍል፣ ግማሹን በብርቱካንና በመሰል ፍሬዎች እርሻ ያሳልፉ ነበር። ከእነርሱም ብዙዎች ሐኪም፣ መሐንዲስና የግብርና ባለሙያ ሆነዋል።

የተማሩት የምስጋና ቃል ለአማርኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። «ግራሲያስ» ከጸጋ ጋር አንድ ሥር አለው። ለእኩያ «ቴ ሎ አግራዴስኮ»፣ ለታላቅ ደግሞ «ሴ ሎ አግራዴስኮ» ይባላል፤ የእኛን «አንተ»ና «እርስዎ» ያስታውሳል። «ዲዮስ ሴ ሎ ፓጌ» እግዜር ይክፈልዎ ነው። ተመስጋኙ «ደ ናዳ» ብሎ ሲመልስ እኛ «ምንም አይደል» እንደምንለው ነው። «ሙይ አማብሌ» ግን ለተርጓሚ ያስቸግራል። «በጣም ደግ ነዎት» ብንለው ያስኬዳል፤ ነገር ግን የቃሉ ጥንተ ትርጉም «ሊወደድ የሚገባው» ስለሆነ ከውለታው አልፎ ባለውለታውን ያመሰግናል።

ይህ ልዩነት ለታሪካችንም ይጠቅማል። የኩባ እርዳታ የደረሰው ለደርግ መንግሥት ነበር፤ በዚያው ዘመን ቀይ ሽብር የአገሪቱን ወጣቶች ይፈጅ ነበር። ከዚያ ሥርዓት ሸሽቶ የተሰደደ፣ ወይም ልጁን በዚያ ዘመን የቀበረ ሰው፣ የኩባ ውለታ ሲነሳ ዝም ቢል አይፈረድበትም። በሌላ በኩል፣ ወላጅ አልባ ሆኖ ባሕር ተሻግሮ ከኩባዊት መምህሩ ፊደል የቆጠረ ልጅ ምስጋናውን በመንግሥታት ሒሳብ እንዲያወራርድ ልንጠይቀው አንችልም። እርሷ ልትወደድ የሚገባት ሆና አግኝቷታል።

የሁለቱም እውነት ነው፤ ታሪክ ጸሐፊም አንዱን ለማጉላት ሌላውን መሰረዝ የለበትም። እኛም በሰው አገር የምንኖር ነን። በካምፓላ በራቸውን የከፈቱልን ሰዎች ብዙዎች ናቸው፤ «ዌባሌ» ስንላቸው የምናመሰግነው እነዚያን ሰዎች ነው። የወጣቶች ደሴት ተማሪዎችም «ሙይ አማብሌ» ሲሉ ያመሰገኑት እንዲሁ ያስተማሯቸውን ሰዎች ነበር።