የዛቢያው ጥፋት

በ2000 ዓ.ም.፣ በውጭ አገር እንደሚኖር ብዙ ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ እኔም ለሚሌኒየሙ በዓል አገር ቤት ገብቼ ነበር። ወገራ ድረስ ወጥቼ ዘመድ ጠይቄ ልመለስ ስል፣ ታላቋ አክስቴ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ ከባድ ነገር እጄ ላይ አኖሩልኝ። ስፈታው የመጥረቢያ ብረት ነው። ዛቢያ የለውም፤ ዛቢያው የሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ ብቻ የጠቈረ የእንጨት ስባሪ ተቀርቅሮ ቀርቷል። «የአባታችን ምሳር ነው። እኛ ጋ ዝጎ ከሚቀር አንተ ጋ ይሁን፣ ልጄ» አሉኝ። ከበርበሬውና ከሽሮው ሥር አድርጌ ወደምኖርበት ወደ ሜሪላንድ አመጣሁት።

ስለዚህ ብረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ያደግሁት ታሪክ አለ። የጣልያን ጦር ጎንደር ላይ እጁን በሰጠ፣ ማለት ከኅዳር 1934 ዓ.ም. በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ አያቴ በታኅሣሥ ወር ግንድ ሲፈልጡ ብረቱ ከዛቢያው ወልቆ በረረና አጠገባቸው ቆሞ ይመለከት የነበረውን የጎረቤት ልጅ ግንባሩን መታው። ልጁ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ሽማግሎች ተቀመጡ። አያቴና የልጁ አባት የክፉ ቀን ባልንጀሮች ነበሩና የአያቴ እጅ ንጹሕ መሆኑን ሁሉም አመነ። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ብረቱን የሠራው ቀጥቃጭ ከወንዙ ማዶ ይኖር ነበር። ብረቱን ያወለቀው የእርሱ ዐይን ነው ተባለ፤ ቡዳ ነው ተባለ። ሰውየው ወናፉንና መዶሻውን በአህያ ጭኖ፣ ሚስቱንና ልጆቹን አስከትሎ ሄደ። ወዴት እንደ ሄደ የሚያውቅ የለም። ስሙንም የሚያስታውስ የለም። የአያቴ አራት በሬዎች ስም ግን በቤታችን እስከ ዛሬ ይነገራል።

አክስቴ ይህን ሲተርኩ ሁልጊዜ የማይዘሏት አንዲት ነገር ነበረች። ያ ዛቢያ አዲስ ነበር። በነሐሴ፣ ክረምቱ ሳያባራ፣ አሮጌው ዛቢያ ተሰብሮ አያቴ ከጓሮ የወይራ ቅርንጫፍ ቈረጡና በዚያው ቀን ጠርበው ገጠሙት፤ ኋላም ላላ ሲልባቸው ማታ ማታ ብረቱን ከነእንጨቱ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው ያሳድሩት ነበር። አክስቴ ይህን የሚናገሩት የአባታቸውን ትጋት ለማሳየት ነው፤ ሥራ ለነገ የማያሳድሩ ሰው እንደ ነበሩ። እኔም ይህን ትጋት እየሰማሁ አደግሁ፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አልታየኝም።

ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 19ን ያነበበ ሰው የእኛን ቤት ታሪክ የሚመስል ነገር እዚያ ያገኛል። ሁለት ባልንጀሮች እንጨት ሊቈርጡ ወደ ዱር ይሄዳሉ፤ አንዱ መጥረቢያውን ሲሰነዝር ብረቱ ከእጀታው ይወልቅና ሌላውን ይገድለዋል። የሕጉ ፍርድ ግልጽ ነው። በመካከላቸው ጠላትነት አልነበረምና ሰውየው ሞት አይገባውም፤ ነገር ግን ደም ተበቃይ እንዳይደርስበት ከመማፀኛ ከተሞች ወደ አንዱ ይሽሽ። በኦሪት ዘኍልቍ እንደ ተጻፈው፣ ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት ድረስ ከዚያ ከተማ አይወጣም። ይህ በሌላ ቋንቋ ስደት ነው። ሳይፈልግ ነፍስ ላጠፋና ለሚሰደድ ሰው ሁሉ ምሳሌ ሆኖ የቀረበው፣ ዛቢያው የላላበት እንጨት ቈራጭ መሆኑ እኔን ስደተኛውን ሁልጊዜ ያስገርመኛል።

የአይሁድ ሊቃውንት በዚህ ቃል ላይ ተከራክረዋል። እ.ኤ.አ. በ200 ገደማ የተሰበሰበው ሚሽና የተባለው የሕግ መጽሐፍ፣ ማኮት በሚባለው ክፍሉ፣ ክርክሩን በአጭሩ መዝግቦታል። ብረቱ ከዛቢያው ወልቆ ቢገድል፣ የመጽሐፉ ሰብሳቢ ረቢ ይሁዳ ገዳዩ አይሰደድም ይላሉ፤ ሌሎቹ ሊቃውንት ይሰደዳል ይላሉ። ከሚፈለጠው ግንድ ፍላጭ ተፈናጥሮ ቢገድል ደግሞ ሁለቱም ወገኖች ቦታ ተለዋውጠው ይቆማሉ። ይህን ሁሉ ሲያመዛዝኑ ስለ መጥረቢያው ያነሣሉ፣ ስለ ግንዱ ያነሣሉ፣ ስለ ቈራጩ ያነሣሉ። ብረቱን የቀጠቀጠውን ሰው ግን አንዳቸውም አያነሡትም። እርሱን ለማግኘት የወገራን ሽማግሎች ጠበቀ።

ሽማግሎቹን ክፉዎች ነበሩ ለማለት አልደፍርም። ያደረጉት ነገር ከእነርሱ በፊት ብዙ መቶ ዓመታት የተቀመጠ መንገድ ነበረው። በደጋው አገር የሥራ ክፍፍል ቀጥቃጩ ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ምሳሩን ከብረት ያወጣል፤ እንጨቱ ግን የባለቤቱ ነው። ሞፈሩን፣ ቀንበሩን፣ ዛቢያውን ገበሬው ራሱ ይቈርጣል፣ ራሱ ይጠርባል፣ ራሱ ይገጥማል። ሁለቱ ሥራዎች የሚገናኙት በብረቱ ቀዳዳ ውስጥ ብቻ ነው። ሠራተኞቹ ግን እንደ ሥራቸው አይገናኙም። ቀጥቃጩ በብዙ ቦታ ርስት የለውም፤ ከገበሬው ጋር አይጋባም፤ ማታ ማታ ጅብ ይሆናል ተብሎ ይታማል። ያለ እርሱ ማረሻ መሬት እንደማይታረስ እያወቀ የሚያርሰው ሁሉ ይፈራዋል፣ ይንቀዋልም።

በጎንደርና በሰሜን አገር ይህ መገለል ከቤተ እስራኤል ታሪክ ጋር የተጠላለፈ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው፣ እ.ኤ.አ. ከ1414 እስከ 1429 የነገሡት ዐፄ ይስሐቅ በጦር ካሸነፏቸው በኋላ፣ የተጠመቀ የአባቱን ርስት እንዲወርስ፣ ያልተጠመቀ ግን ፈላሲ እንዲሆን ዐወጁ። ፈላሲ በግእዝ ስደተኛ፣ ከቦታው የተነቀለ ማለት ነው። አንባቢ ይህን ልብ ይበልልኝ፤ ሰውየው ከተወለደበት መንደር አንድ እርምጃ ሳይወጣ፣ መሬቱ ከእግሩ ሥር ተነሥቶ ስደተኛ ይባላል። የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ኲሪን እንዳሳዩት፣ ርስት ያጣው ሕዝብ ቀስ በቀስ ወደ ብረት፣ ወደ ሸክላና ወደ ሽመና ሥራ ገባ። በ17ኛው መቶ ዘመን የጎንደር አብያተ መንግሥት ሲታነጹ በግንበኝነትና በብረት ሥራ ካገለገሉት መካከል እነርሱ ነበሩበት። ግንቡን ዛሬ ጎብኚ ሁሉ ፎቶግራፍ ያነሣዋል፤ ስሙ የሚጠራው ግን ያሠራው ንጉሥ ነው።

የእኛ ሰፈር ቀጥቃጭ ቤተ እስራኤል ይሁን ክርስቲያን አክስቴ አያውቁም። ለስሙ መጥፋት ይህ ልዩነት አላመጣም፤ ብረት የነካ ሁሉ በአንድ ስም ይጠራ ነበርና።

ነገሩን መንግሥት አላየውም ማለት አይቻልም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ሌላውንም ባለ እጅ በሥራው ምክንያት መስደብን ከልክለዋል፤ ሰው ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን መወለዱንም አስታውሰዋል። ምክንያታቸው ቅንነት ብቻ አልነበረም፤ አገር ያለ ባለ እጅ ከባዕድ አገር ዕቃ ጥገኝነት እንደማትወጣ ገብቷቸው ነበር። የወገራው ቀጥቃጭ አህያውን የጫነው ከዚያ ዐዋጅ ወደ 40 ዓመት ገደማ ቈይቶ ነው። ዐዋጁ ወገራ ደርሶም ከሆነ ከወንዙ አልተሻገረም።

አሁን ወደ ሜሪላንድ ልመለስ። ብረቱ ለአምስት ዓመት ያህል በመኪና ማቆሚያዬ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2012 መጨረሻ በአካባቢያችን ያለፈው ከባድ ዓውሎ ነፋስ ዛፍ እየነቀለ በየመንገዱ ሲጥል፣ ከግቢያችን ጥግ የነበረ አንድ ሂኮሪ ወደቀ። ሂኮሪ አሜሪካኖች ለመጥረቢያ ዛቢያ ከሁሉ አብልጠው የሚመርጡት ጠንካራ እንጨት ነው። ዕድል ከነእንጨቱ መጣልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ከዛፉ ቅርንጫፍ ቈረጥሁ፤ በብረቱ ቀዳዳ ውስጥ የቀረውን የአያቴን ስባሪ በመዶሻ መትቼ አወጣሁ፤ በዚያው ሳምንት አዲሱን ዛቢያ ጠርቤ አስገባሁት። ልክ ገባ። እኔም እንደ አያቴ ሥራ ለነገ የማላሳድር ሰው መሆኔን በልቤ አመሰገንሁ።

ክረምቱ መጣ፤ የዚህ አገር ክረምት ማለቴ ነው፣ ማሞቂያው ቀን ከሌት የሚነድበትና የቤቱ አየር እንደ ታኅሣሥ ወገራ የሚደርቅበት። መጥረቢያው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ውኃ በሞላ ባልዲ ውስጥ ዘፈዘፍሁት፤ ጠበቀ። ከጥቂት ቀን በኋላ ላላ፤ እንደ ገና ዘፈዘፍሁት። በጥር አንድ ቅዳሜ የሂኮሪውን ግንድ ስፈልጥ ብረቱ ወልቆ በረረና የአጥሩን ጣውላ ሰንጥቆ ተሰካ። ልጄ የወደቀበትን ጓንት ሊያነሣ ከዚያ ቦታ ከሄደ ገና ደቂቃ አልሞላውም ነበር።

በዚያ ቀን እንጨት መፍለጡን አቆምሁ። ጎረቤቴ ጡረታ የወጣ አናጺ ነው፤ ብረቱንና ዛቢያውን ወስጄ አሳየሁት። የተናገረው ነገር ቀላል ነበር። ርጥብ እንጨት ውኃ ይዟል። ሲደርቅ በቁመቱ እምብዛም አያጥርም፤ በውፍረቱ ግን ይሟሽሻል፣ ይቀጥናል። ስለዚህ ርጥቡን በልኩ የገጠመ ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ ልኩ ያልሆነ ዛቢያ ይዞ ያገኘዋል። ውኃ ውስጥ መዘፍዘፉ ደግሞ ጉዳቱን ያብሰዋል፤ እንጨቱ ያብጥና ብረቱ ሳያፈናፍነው ጭረቱ ይጨፈለቃል፤ ሲደርቅ ከቀድሞው የባሰ ቀጥኖ ይቀራል። «በውኃ የጠበቀ መጥረቢያ ነገ የሚወልቅ መጥረቢያ ነው» አለኝ። እኔ ግን በዚያች ሰዓት የማስበው ስለ ነሐሴው ወይራ፣ ስለ ማታ ማታው ዝፍዘፋ ነበር። የቤታችን ታሪክ ጥፋተኛውን ከ60 ዓመት በላይ በግልጽ ሲናገር ኖሯል፤ የሰማነው ግን እንደ ምስጋና ነበር።

እንጨት አይቈይም፤ ስለዚህ ምስክርነቱ የሚገኘው ሌላ ነገር ላይ በተወው ምልክት ነው። ኮንሶ ውስጥ ተገኝተው ዮናስ በየነና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳወቋቸው የድንጋይ መጥረቢያዎች 1.75 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላቸው፤ እነርሱ በመዳፍ የሚጨበጡ እንጂ ዛቢያ ያላቸው አልነበሩም። ድንጋይን ከእንጨት ጋር ለማጋጠም ሰው ከዚያ በኋላ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ ወስዶበታል። በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ካለው ከጋደሞታ የተገኙት ከ279,000 ዓመት በላይ የሆናቸው የባልጩት ስለቶች ግን በእንጨት ጫፍ ላይ ታስረው የተወረወሩ እንደ ነበሩ ዮናታን ሳህሌና ባልደረቦቹ በዚያው ዓመት ጽፈዋል። እንጨቱ ከጠፋ ዘመን የለውም። መኖሩን የመረመሩት በባልጩቱ ላይ ከቀረው የስብራት ዐይነት ነው። የአያቴን ዛቢያም ማንም አላስቀመጠውም። ስብራቱ ያረፈው በአንድ ልጅ ግንባርና በአንድ ቀጥቃጭ ኑሮ ላይ ነው።

ሁለተኛውን ዛቢያ የገጠምሁት ከጎረቤቴ ጋር ነው። ከሱቅ የተገዛ፣ ለብዙ ጊዜ የደረቀ ሂኮሪ ነው፤ የእንጨቱ ጭረት ከስለቱ ጋር በአንድ አቅጣጫ የሚሄደውን መረጠልኝ፤ ተሻግሮ የሚሄደው ቶሎ ይሰበራልና። ጫፉን በቀዳዳው ልክ ፋቅነው፤ ከላይ ወደ ታች በመጋዝ ሰነጠቅነው። ብረቱን ከታች አንጠልጥሎ የዛቢያውን ቂጥ በእንጨት መዶሻ እንድመታ ነገረኝ። ይህን ስሰማ የሚቀልድብኝ መስሎኝ ነበር፤ በየምቱ ግን ብረቱ በራሱ ክብደት ባለበት እየቀረ ዛቢያው በውስጡ ሲሰርግ በዐይኔ አየሁት። ከዚያ ሽብልቁን በስንጥቁ ውስጥ ነዳን፤ እንጨቱ ወደ ጎን ተለጥጦ ቀዳዳውን ሞላው። የተረፈውን ቈርጠን በተልባ ዘይት አሸነው። እንጨቱን ያጠገበው የአገሬ ተልባ መሆኑን ስነግረው ጎረቤቴ ሣቀ፤ ለእርሱ የቀለም ሱቅ ዕቃ ነበር።

ብረቱን ከዝገቱ ሳጠራው በጎኑ ላይ የመዶሻ ጠባሳዎች ታዩ። ቀዳዳው በእጅ የተበሳ ነው፤ ግን ሁለቱ ወገኖቹ እኩል ናቸው፣ ወደ ላይ በጥቂቱ ይሰፋል፤ ሽብልቅ ሲገባበት እንጨቱ እንዲንሰራፋ ማለት ነው። ያ ሰው ሥራውን ያውቅ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ለአክስቴ ደወልሁ። ስለ ርጥቡ ወይራ፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ልጄ፣ ስለ ቀዳዳው ሁሉ ነገርኋቸው። አባታቸውን የከሰስሁባቸው እንዳይመስላቸው ቃል መርጬ ነው የተናገርሁት። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። «አሉ ወይ፣ እትዬ?» አልሁ።

«አለሁ» አሉ። «ሚስቱ ጀበና ትሠራ ነበር። ሊሄዱ ሲሉ አንድ ለእናቴ ሰጥታት ነበር፤ ያን ጊዜ ልጅ ነበርሁ፣ ደጃፍ ላይ ቆማ አስታውሳታለሁ፣ አልገባችም። እናቴ በጸበል አጠበችውና አስቀመጠችው። እስኪሰበር ድረስ ቡና ያፈላንበት እርሱ ነው።»