የመዝናኛ ጀልባ የክረምት እንክብካቤ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች

ከአዳማ አቅራቢያ ከሚገኘው ከቆቃ ሐይቅ አንስቶ እስከ ደምበልና ላንጋኖ፣ እንዲሁም በቢሾፍቱ ሐይቆች የሚሠሩ የመዝናኛ ጀልባዎች የሚጎዱት ሰው በሚጭኑባቸው ወራት ብቻ አይደለም። ክፉኛ የሚጎዱት ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ዳር ታስረው በሚቆዩበት ጊዜ ነው። እንደ ፊንላንድና ካናዳ ባሉ ቀዝቃዛ አገሮች ባለጀልባው የሚፈራው በረዶን ነው፤ ውኃ ሲረጋ መጠኑ በ9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር በሞተሩ ውስጥ የቀረ ውኃ ብረቱን ይሰነጥቃል። በስምጥ ሸለቆ ሐይቁ አይረጋም። የክረምቱ ዝናብ ግን የራሱ ጉዳት አለው።

ክዳን በሌለው ጀልባ ላይ የሚወርደውን ዝናብ ማስላት ቀላል ነው። በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውኃ ይጠራቀማል። 9 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው መካከለኛ ጀልባ በአንድ ሌሊት 40 ሚሊ ሜትር ቢዘንብበት 360 ሊትር፣ ማለትም 360 ኪሎ ግራም ተጭኖበት ያድራል። ይህም ከአምስት ጎልማሶች ክብደት አያንስም። በማግስቱ የሚቀዳለት ከሌለ ሁለተኛው ሌሊት ሊያሰጥመው ይችላል፤ ቤንዚኑና ዘይቱም ወደ ሐይቁ ይፈሳል። የገመዱም ነገር ቀላል አይደለም። ገባር ወንዞች ሲሞሉ የሐይቁ ወለል ከፍ ስለሚል በሰኔ አሳጥረው ያሰሩት ገመድ በነሐሴ የጀልባውን አፍንጫ ወደ ታች ይጎትታል።

ስለዚህ ጀልባውን ወደ የብስ ማውጣት የተሻለ ነው። ከኋላው ዝቅ ብሎ በእንጨት ወይም በአሮጌ ጎማ ላይ ይቀመጣል፤ የውኃ መውጫው ውታፍ ይነቀላል። ሸራው ከመሐል ከፍ ብሎ መወጠር ይኖርበታል፤ ከረገበ ራሱ ኩሬ ይሆናል። ጥብቅ አድርጎ መጠቅለልም አይመከርም፤ አየር ያጣ እንጨት ይሻግታል። በቆቃና በደምበል ዳርቻ ደግሞ ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ የሚወጣበትን መንገድ አለመዝጋት ብልህነት ነው።

ሞተሩ ውኃው ተንጠፍጥፎ እንዲወርድ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። ከዚያ በፊት በንጹሕ ውኃ ይታጠባል። በተለይ ቡናማ ደለል ባልተለየው በላንጋኖ፣ ውኃ የሚስበው የፓምፑ ጎማ ቶሎ ስለሚበላ ሳይሰነጠቅ መለወጥ ይኖርበታል። የካምቢዮው ዘይት የሚለወጠው ሲታሰር እንጂ ሲፈታ አይደለም። ሲወጣ ወተት መስሎ ከታየ ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ ሦስት ወር ሙሉ እንዲሁ ቢተው የውስጡ ብረት ይዝጋል። ቤንዚኑ ከካርቡሬተር ይደርቃል፣ በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ይጨመራል፣ ባትሪው ሞልቶ በደረቅ ቦታ ይቀመጣል።

ብዙዎች የሚዘነጉት ግን እምቦጭን ነው። ይህ አረም በቆቃና በአዋሽ መታየቱ የተመዘገበው በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው፤ ግድቡ በ1952 ዓ.ም. ከተመረቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ ማለት ነው። ጀልባ ለጥገና ወይም ለሥራ ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው በመኪና ሲጫን በፕሮፔለሩ ላይ የተጠመጠመ አንድ ቁራጭ ብቻ ለአዲስ መንጋ በቂ ነው። ዘሩም በጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይበሰብስ ይቆያል። ጀልባው ከነተሳቢው ከውኃ ርቆ መታጠብና ለቀናት ፀሐይ መመታት አለበት። የተጠራቀመውንም ውኃ ከሚሄድበት ሐይቅ ሳይደርሱ ማፍሰስ ያስፈልጋል። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ የዓሣ አስጋሪዎችን እንጀራ ይነካልና እንደ ትርፍ ድካም መታየት የለበትም።

በመስከረም ጀልባው ወደ ውኃ ሲመለስ እንቁጣጣሽ፣ መስቀልና በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ የሚከበረው ኢሬቻ በተከታታይ ስለሚመጡ ጥድፊያ አለ። ፍተሻው ከዚያ ግርግር ቀደም ብሎ መጠናቀቅ አለበት። የሕይወት አድን ጃኬት ማሰሪያው ያልላላ፣ አይጥ ያልበላው፣ ሲጨመቅም ተመልሶ የሚነፋ መሆኑ ይታያል፤ በፀሐይ ቀለሙ የነጣ ጨርቅም ሲጎተት የሚቀደድ ከሆነ ይጣላል። የጭነቱ ነገር ደግሞ ከከፍታው ጋር ይያያዛል። ባቱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,640 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከኃይሉ 3 በመቶ ያህል ስለሚያጣ፣ በባሕር ዳርቻ ተሞክሮ 40 የፈረስ ጉልበት የተባለው ሞተር በደምበል ላይ 34 ያህል ብቻ ይሰጣል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ተሳፋሪ የሞላ ጀልባን ማዕበሉን ተቋቁሞ ወደ ዳር ለመመለስ የሚያስፈልገው ይኸው የጎደለው ጉልበት ነው።

የመጀመሪያው ጉዞ ያለ ተሳፋሪ፣ በማለዳ፣ በዝግታ ይደረጋል። ደምበል ጥልቀት የሌለው ሐይቅ በመሆኑ ጎርፍ ያመጣው ግንድና አዲስ ደለል አምና ነጻ የነበረውን መስመር ሊዘጋው ይችላል።