በአዛውንቶች ደረት የሚበቅል የዘር ህዋስ ዕጢ

ከቆለጥና ከኦቫሪ ርቆ፣ ከፍርምባ አጥንት ጀርባ በሁለቱ ሳንባዎች መካከል የሚበቅል ዕጢ ነው። ሐኪሞች ቦታውን ሚዲያስቲነም ይሉታል። በአዋቂዎች ላይ ከሚታዩት የዘር ህዋስ ዕጢዎች ከቆለጥና ከኦቫሪ ውጭ የሚነሱት ከ2 እስከ 5 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ከእነዚህ ብዙዎቹ የሚገኙት ደረት ውስጥ ነው። አደገኛው ዓይነት በአብዛኛው የሚይዘው ከ20 እስከ 40 ዓመት ያሉ ወንዶችን ነው፤ ከ60 በላይ በሆነ ሰው ላይ እምብዛም አይታይም።

የዘር ህዋስ ደረት ውስጥ ምን ይሠራል? መልሱ የሚፈለገው ከፅንስ ዘመን ነው። ህዋሶቹ መጀመሪያ የሚታዩት በአስኳል ከረጢቱ ግድግዳ ላይ ነው። ከአራተኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ የአካሉን መሐል ይዘው ወደ መድረሻቸው ይጓዛሉ። መንገድ ላይ የቀሩት ከዓመታት በኋላ ዕጢ ይሆናሉ ተብሎ ይታመናል። ዕጢው በአንጎል መሐል፣ በደረትና በጭራ አጥንት አካባቢ፣ በአብዛኛው በመሐል መስመር ላይ መገኘቱ ይህን ሐሳብ ያጠናክራል።

የበሰለ ቴራቶማ የሚባለው ዓይነት ካንሰር አይደለም፤ ሴትና ወንድ አይለይም፣ ዝግ ብሎ ስለሚያድግም ለሌላ ነገር በተነሳ ራጅ ድንገት ሊገኝ ይችላል። ሲከፈት እንደ ሞራ ያለ ቅባት፣ ፀጉር፣ አንዳንዴም ጥርስ ይወጣል። ወደ አየር ቧንቧ ከፈነዳ ሕመምተኛው ፀጉር ሊያስል ይችላል። ሴሚኖማ አደገኛ ቢሆንም በመድኃኒትና በጨረር በቀላሉ ይረታል። ሴሚኖማ ያልሆኑት ግን ፈጣንና ከባድ ናቸው።

ዕጢው ሲያድግ ከጭንቅላት ደም የሚመልሰውን ትልቅ የደም ሥር ይጫናል። በሰሜን ኢትዮጵያ በዋጃ ሜዳ ማሽላ ለመቁረጥ ያጎነበሰ አንድ አዛውንት ፊቱ ቢከብደው፣ ጠዋት ጠዋት ዓይኑ ቢያብጥ፣ የሸሚዙ አንገት ቢጠበው፣ መጀመሪያ የሚታሰበው ምች ነው፤ ዳማከሴ ይታሻል። ሳል ሲጨመርበት ደግሞ ቲቢ ይጠረጠራል። ጥርጣሬው ስህተት አይደለም፤ በአገራችን ቲቢ ከዚህ ዕጢ እጅግ ይበዛል። ጥፋቱ አክታው ነጻ ሆኖ ሳለ፣ ራጁ ላይ ከፍርምባ ጀርባ እብጠት እየታየ፣ የስድስት ወር የቲቢ መድኃኒት መጀመርና እዚያው መቆም ነው። ወደ ደረት የወረደ እንቅርት፣ ሊምፎማና የታይመስ ዕጢም በአዛውንት ከዘር ህዋስ ዕጢ ቀድመው መታሰብ አለባቸው።

ዕጢውን ከእነዚህ የሚለየው ሲቲ ስካን፣ ሁለት የደም ምርመራና በመርፌ የሚወሰድ ናሙና ነው። የደም ምርመራዎቹ ኤኤፍፒ እና ቤታ ኤችሲጂ ይባላሉ። በወጣት ወንድ ላይ እጅግ ከፍ ካሉ ብቻቸውን ብዙ ይናገራሉ፤ በአዛውንት ግን ሊያታልሉ ይችላሉ። ኤኤፍፒ በጉበት ካንሰር ከፍ ይላል፤ ቤታ ኤችሲጂ ደግሞ አንዳንድ የሳንባ ካንሰሮች ያመነጩታል። ስለዚህ ዕድሜው የገፋ ሰው ያለ ናሙና ወደ ሕክምና ባይገባ ይሻላል። ዕጢው ከዚያ የተዛመተ እንዳይሆን ቆለጥም በአልትራሳውንድ ይታያል። በዕድሜ በገፉ ወንዶች ቆለጥ ላይ የሚወጣው ስፐርማቶሳይቲክ ዕጢ ደረት ውስጥ አይነሳም።

ቴራቶማ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ አደገኞቹ በኬሞቴራፒ ይጀመራሉ። ዋናው መድኃኒት ሲስፕላቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ሐኪሙ ላውረንስ አይንሆርን ከሌሎች ሁለት መድኃኒቶች ጋር አጣምረው ሰጡት፤ የቆለጥ ካንሰር ታሪክም ከዚያ ወዲህ ተለወጠ። ለአዛውንት ግን ዋጋው ይከብዳል፤ ሲስፕላቲን ኩላሊትንና ጆሮን፣ አብሮት የሚሰጠው ብሊዮማይሲን ሳንባን ይጎዳሉ፤ ጉዳቱም ከዕድሜ ጋር ይጨምራል። ከኬሞው በኋላ ደረት መከፈቱ ብዙ ጊዜ ስለማይቀር ብዙ ሐኪሞች ብሊዮማይሲንን በአይፎስፋማይድ ይተካሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ዓለም አቀፍ ምደባ ከደረት የተነሳውን ሴሚኖማ ያልሆነ ዕጢ ከሁሉ አስጊ ምድብ ውስጥ አስገብቶታል፤ ከታካሚዎቹ አምስት ዓመት የሚያልፉት ግማሽ ገደማ ናቸው።

ከዋጃ ይህን ሕክምና ፍለጋ የሚነሳ ሰው በቆቦ፣ በወልድያና በደሴ አልፎ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ድረስ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ሕክምናው ከተጀመረ በኋላም ቶሎ መመለስ አይቻልም፤ የመድኃኒቱ ዙር በየሦስት ሳምንቱ ነው። መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን የሚያሳየው የደም ውጤት ነው፤ ኤኤፍፒ ከ5 እስከ 7 ባሉት ቀናት፣ ቤታ ኤችሲጂ በሁለት ቀን ገደማ በግማሽ መውረድ አለባቸው። ቁጥሩ ከዚህ ዘግይቶ ከወረደ ወይም ከቆመ፣ ሐኪሙ መድኃኒቱን ስለመለወጥ ማሰብ ይጀምራል።