ከዳፍንት እስከ ጥቁር ሰሌዳ፦ የሕፃናት ዓይን ጤና በቆቦና በራያ ቆላ

ቆቦ ከወልድያ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተቆረቆረች የራያ ቆላ ከተማ ናት። በምሥራቅ ከዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ ከላስታ ደጋ ግርጌ የተዘረጋው ሜዳ ማሽላና ጤፍ የሚታፈስበት፣ ከብት የሚረባበት ምድር ነው። ዝናብ በጊዜው ሲመጣ የጥጋብ፣ ሲቀር የእልቂት አገር ሆኖ ኖሯል። የሕፃናቱ የዓይን ሕመም ታሪክም ከዚሁ የዝናብ ታሪክ አይለይም። በዚህ አካባቢ የተማሪዎችን የማየት ችግር ለማጥናት የሚነሣ ባለሙያ ክፍል ውስጥ የተቀመጡትን ልጆች ከመመርመሩ በፊት፣ ክፍል ሳይደርሱ የቀሩት የት እንደገቡ ቢጠይቅ መልካም ነው።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን ባጠፋው ረሀብ ክፉኛ ከተጎዱት አውራጃዎች አንዱ የራያና ቆቦ አውራጃ ነበር። ከብቱ ያለቀበት ገበሬ ልጆቹን ይዞ ወደ አውራ ጎዳናው ወረደ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1977 ዓ.ም.፣ ያው ታሪክ በባሰ መልኩ ተደገመ። ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም የተነሣው ፊልም በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በእንግሊዙ ቢቢሲ ሲታይ ዓለም የተመለከተው የተራበ ሰውነትን ነው። ዓይንን ለይቶ የተመለከተ ጥቂት ነበር።

የራያ ሕፃን ዋነኛ የቫይታሚን ኤ ምንጭ ወተትና ቅቤ ነው። ማሽላና ጤፍ ሆድ ይሞላሉ እንጂ ይህን ቫይታሚን ለመስጠት አይበቁም። ድርቅ በመጀመሪያ ላሟን ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ልጁ በጉበቱ ውስጥ የተጠራቀመውን ለጥቂት ወራት እየተመገበ ይቆያል። ስንቁ ሲያልቅ ዳፍንት ይጀምራል። እናት ይህን ከሐኪም በፊት ታውቀዋለች፤ ቀን ሲሮጥ የዋለው ልጅ ፀሐይ ስትጠልቅ ይደናበራል፣ ከፊቱ የቀረበለትን ገበታ በእጁ ይዳስሳል። በዚህ ላይ በተጨናነቀ መጠለያ ኩፍኝ ሲገባ የቀረችውን ጥቂት ቫይታሚን ያሟጥጣል፤ ኮርኒያውም በቀናት ውስጥ ሊሟሟ ይችላል።

አልፍሬድ ሶመርና ባልደረቦቹ በኢንዶኔዥያ ባደረጉት ጥናት ዳፍንት የያዛቸው ሕፃናት ከሌሎቹ ይበልጥ እንደሚሞቱ የገለጹት እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ደግሞ በአቼ የቫይታሚን ኤ እንክብል የሕፃናትን ሞት በሲሶ ያህል እንደቀነሰ አሳተሙ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ኩፍኝ ለያዛቸው ሕፃናት ቫይታሚን ኤ እንዲሰጥ በጋራ የመከሩት በ1987 ነው፤ የኮረም ድንኳኖች በቴሌቪዥን ከታዩ ከሦስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በቫይታሚን ኤ እጥረት ከታወሩት ሕፃናት ግማሽ ያህሉ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ እንደሚሞቱ የዓለም ጤና ድርጅት ግምት ያመለክታል። በመሆኑም ከረሀቡ በኋላ በትምህርት ቤቶች የተገኙት ጥቂት ዓይነ ስውራን የጉዳቱን መጠን ሊያሳዩ አይችሉም። አብዛኞቹ ለቆጠራ አልደረሱም።

ተርፈው ያደጉትስ? በቃል ትምህርት የሚካሄድባቸው የአብነት ትምህርት ቤትና የቁርኣን ትምህርት ቤት ለዓይነ ስውር ልጅ ከጥንት ጀምሮ ቦታ ነበራቸው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ግን በጥቁር ሰሌዳ ላይ የቆመ ነው። ዘመናዊው ትምህርት ወደ ገጠር በገባ ቁጥር ደኅና ማየት የመማር ቅድመ ሁኔታ እየሆነ መምጣቱን የትምህርት ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ብዙም አላነሡትም።

የክትባት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ ኩፍኝን ሲያካትት፣ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮም ቫይታሚን ኤ በዘመቻ መልክ በየስድስት ወሩ መታደል ሲጀምር የዚህ ምዕራፍ ጥላ እየሳሳ ሄደ። በምትኩ የባለሙያው ዓይን ወደ ትራኮማ ዞረ።

እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 የተካሄደው ብሔራዊ የዓይነ ስውርነት ጥናት ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት መካከል 40.1 በመቶው ንቁ ትራኮማ እንዳለባቸው አሳየ። በአማራ ክልል ቁጥሩ 62.6 በመቶ ሆኖ ተገኘ፤ ከየትኛውም ክልል የከፋ ነበር። ከዚህ አኃዝ በስተጀርባ ያለችውን ሴት በራያ ገበያ ያየ ሁሉ ያውቃታል፤ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ፣ ከፀሐይ እየሸሸች፣ ወረንጦ በአንገቷ አንጠልጥላ የተቀለበሰውን የዓይኗን ፀጉር ስታስነቅል የኖረች እናት። ካርተር ማዕከል ከላየንስ ክለቦች ጋር ሆኖ በክልሉ ሥራ የጀመረው በ2000ዎቹ መባቻ (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ ከ2008 ጀምሮ ወባንና ትራኮማን ባጣመረው «ማልትራ» በተባለው ሳምንት ፋይዘር በነጻ የሚሰጠው አዚትሮማይሲን ቤት ለቤትና በየአደባባዩ ታደለ። ወባና ትራኮማ ለተደራረቡበት ቆላ ይህ ቅንጅት የተስማማ ነበር። መጠኑም የሚወሰነው ልጁን ከቁመት መለኪያ ዘንግ ጋር በማቆም ነው፤ ሚዛን የማያስፈልገው ቀላል ዘዴ።

መድኃኒቱ ከተጠበቀውም በላይ ጠቅሟል። በጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ጥናት እደላው የሕፃናትንም ሞት መቀነሱን አመልክቷል። ሆኖም ከዓመታት እደላ በኋላም በብዙ የክልሉ ወረዳዎች የትራኮማ ስርጭት ከ10 በመቶ ጣራ አልወረደም። ከራያ ሜዳ በስተምዕራብ ተራራውን ተሻግሮ ባለው በዋግ ኽምራ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ሙከራ ደግሞ የውኃ፣ የመጸዳጃና የንጽሕና ሥራ ብቻውን በሦስት ዓመት ውስጥ የዓይን ክላሚዲያን እንዳልቀነሰ ገለጸ። ይህ ውጤት «ፊትን መታጠብ ይበቃል» እያልን ለኖርነው ባለሙያዎች የሚመር ነው። ይሁንና ለውኃ ጉድጓድ ቆፋሪዎች መከራከሪያ ይሆናል ብዬ አላምንም፤ ውኃ ለትራኮማ ባይሆን እንኳ ለሌላው ሁሉ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ በዘመቻው ድምቀት የተሸፈነ አንድ ነገር አለ። ንቁ ትራኮማ የያዘው የአሥር ዓመት ልጅ፣ አልፎ አልፎ ፀጉሩ ከሚቀለበስበት ሕፃን በስተቀር፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰሌዳውን አጥርቶ ያያል። ጉዳቱ የሚከተለው ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ ሰሌዳው የጠፋበት ተማሪ ችግሩ በአመዛኙ ሌላ ነው። ከላይ የተጠቀሰው ብሔራዊ ጥናት ራሱ፣ ከትራኮማ ቁጥሮቹ ባነሰ ትኩረት የተነበበ ቢሆንም፣ ለዝቅተኛ እይታ ምክንያት ከሆኑት ውስጥ 33.4 በመቶው መነጽር የሚያርመው የእይታ ግድፈት መሆኑን አስፍሯል። በጎንደር ከተማ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የተማሪዎች ጥናትም ግድፈቱን በ9.4 በመቶው ላይ አግኝቷል። እንዲህ ያለው ልጅ ዓይኑ አይቀላም፣ አያለቅስም፣ ማዝ የለውም። ደካማ ተማሪ ይባላል፤ ከኋላ ወንበር ይቀመጣል፤ በመጨረሻም ከብት ጥበቃ ይመለሳል። ከትምህርት ቤት የቀረበትን ምክንያት ማንም በዓይን ሕመም መዝገብ አይጽፈውም።

በቻይና ገጠር በ252 ትምህርት ቤቶች የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ሙከራ በነጻ መነጽር ያገኙ ልጆች የሒሳብ ውጤታቸው መሻሻሉን አሳይቷል። ነጻ መነጽር ከተሰጣቸው ልጆች ብዙዎቹ ግን አላደረጉትም። መነጽር ዓይን ያደክማል የሚለው እምነት በእኛም አገር የሚሰማ ስለሆነ፣ መነጽር የሚያድል ሁሉ ከወላጆች ጋር መነጋገርንም ከሥራው ሊቆጥረው ይገባል።

የኮቪድ ወረርሽኝ፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በአካባቢው የተካሄደው ጦርነት፣ ከዚያም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭት ዘመቻዎችን አስተጓጉለዋል። በሰሜን ወሎ ጤና ጣቢያዎችና ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ፈርሰዋል። እደላው በሚቀጥልበት ስፍራ ሁሉ ልጁ ከቁመት ዘንጉ ፊት መቆሙ አይቀርም። በዚያው ሰልፍ ላይ በ6 ሜትር ሲባጎና በአንድ የኢ ሰሌዳ እያንዳንዱን ዓይን ለየብቻ መለካት ይቻላል። ለዚህም የሠለጠነ መምህር ይበቃል። ከ6/12 በታች የሚያይ ልጅ የመርፌ ቀዳዳ በሚያህል ክፍተት በተበሳ ካርቶን ዳግመኛ ይፈተናል። ከተሻለው የሚያስፈልገው በአመዛኙ መነጽር ነው፤ ካልተሻለው ግን ኮርኒያው፣ ሌንሱና ሬቲናው መታየት ስላለባቸው ከደሴ አጠገብ ወደሚገኘው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ወይም በቅርብ ወዳለ የዓይን ሕክምና ክፍል ይላካል።